ካንሰር ያልሆነው ዕጢ ወደ ወገብ ሲወርድ
በአንገር ጉቲን ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የታተመ



ነገሬን በምሳሌ ልጀምር። አንድ አባት ታሞበት የከረመውን ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል እንበል። ልጁ የአንጎል ዕጢ ተገኝቶበት በቀዶ ሕክምና ይወጣለታል። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ «ካንሰር አይደለም፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። አባት እግዚአብሔርን አመስግኖ ይመለሳል፤ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፣ ድግስ ይደገሳል። ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ልጁ «ጀርባዬን» ማለት ይጀምራል። ሲመረመር ያው ዕጢ በህብለ ሰረሰሩ ዙሪያ እስከ ወገቡ ድረስ ተበትኖ ይገኛል። አባትየው «ያኔ ነው የዋሹኝ ወይስ አሁን?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈርድበት የለም።

ያኔም አልዋሹትም፣ አሁንም አልዋሹትም። ሁለቱም እንዴት እውነት እንደሚሆን ማስረዳት የዛሬው ሥራዬ ነው። ሌላም አለ። «ተሰራጭቷል» የሚለውን ቃል የሰማ ወላጅ ብዙ ጊዜ ልጁን አቅፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ካንሰር በሰው ሁሉ ጆሮ ከሞት ጋር ተቆራኝቷልና፣ የተሰራጨ ሲባል ደግሞ ያለቀለት ይመስላል። በዚህ ዓይነት ዕጢ ግን አላለቀለትም። ከዛሬው ንግግር ይህንን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ አልከሰርኩም።

በመጀመሪያ ዕጢውን እናውቀው። በአንጎል ውስጥ የሚያስቡትና ትእዛዝ የሚያስተላልፉት ነርቮች ብቻቸውን አይኖሩም፤ የሚመግቧቸውና የሚደግፏቸው ሌሎች ሕዋሳት አሏቸው። ከእነዚህ ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሳ ዕጢ ግሊዮማ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የአንጎል ዕጢዎችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 4ኛው እጅግ ክፉው ነው፤ 1ኛው በዝግታ የሚያድገው። በልጆች ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው ፒሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ የሚባለው ሲሆን ደረጃው 1 ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው ከማጅራት በላይ፣ ሚዛናችንንና እርምጃችንን በሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ላይ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የዓይን ነርቮች በሚገናኙበት በአንጎል ሥር ይወጣል።

ይህ ዕጢ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ልጁ ድኖ ሊያድግ፣ ሊማር፣ ሊዳር እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በ76 ሕሙማን ላይ ያገኘውን ልምድ ሲያሳትም፣ የዚህ ዕጢ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለረጅም ዓመታት እንደሚኖሩ አሳይቷል። ያኔ ኤምአርአይ የለ፣ ሲቲ ስካን የለ። ዛሬ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማ ካለባቸው 100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ።

ታዲያ እንዲህ ዝግ ያለ ዕጢ ወገብ ድረስ ምን አወረደው?

አንጎላችን ደረቅ ቦታ ላይ አልተቀመጠም። በውስጡ ክፍት ክፍሎች አሉ፤ እነዚህ ክፍሎች እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ያመነጫሉ። በአዋቂ ሰው ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ፈሳሽ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በቀን የሚመረተው ግን ግማሽ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ፈሳሹ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል ማለት ነው። በሕፃናት መጠኑ ያነሰ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ከመካከለኛው የአንጎል ክፍል ተነስቶ በጠባብ ቱቦ ወደ ኋላ ያልፋል፤ ከማጅራት በላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ወጥቶ አንጎልን ከውጭ ይከብባል። ከፊሉም ህብለ ሰረሰርን እየዳሰሰ እስከ ወገብ በታች ድረስ ይወርዳል።

የአንገርን ወንዝ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከማሳችሁ ዳር የተነቀለ ሣር ወንዙ ውስጥ ቢወድቅ ዴዴሳ ይገባል፣ ከዴዴሳም ዓባይ ይደርሳል። ሣሩ ዋና አያውቅም፤ የወሰደው ውሃው ነው። ውሃው ዝግ ባለበት ጥግ ይቆማል፣ ሥር የያዘ እንደሆነም እዚያው ይበቅላል። ክፉ ካንሰር ሥጋ እየበሳ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ይጓዛል፤ በጉልበቱ ነው የሚሄደው። ይኼኛው ያ ጉልበት የለውም። ነገር ግን የበቀለበት ቦታ የፈሳሹ መተላለፊያ ዳር ከሆነ ከላዩ የሚረግፉ ሕዋሳት ይወሰዳሉ፤ በህብለ ሰረሰር ሽፋን ላይ፣ በተለይም ፈሳሹ በሚጠራቀምበት በታችኛው ወገብ ያርፋሉ። ስለዚህ ዕጢው ወርዶ ሲገኝ ባሕርዩ ተለውጦ ካንሰር ሆነ ማለት አይደለም። ከወገብ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ደረጃ 1 ዕጢ ይመስላል። አባትየው ያኔ የሰማው እውነት ነበር ያልኩት ለዚህ ነው።

ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም። ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማ ካለባቸው 100 ልጆች የሚሰራጭባቸው 5 ያህሉ ናቸው። ዕጢው በአንጎል ሥር፣ በዓይን ነርቮች መገናኛ አካባቢ ከሆነ ዕድሉ ከፍ ይላል። ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ላይም ሕመሙ ይጠናል።

አንድ ዓይነት ግን ለይቼ ማንሳት አለብኝ፤ ለእኛ አገር ሐኪሞች ፈተና ነውና። ይህን ዓይነት የዓለም ጤና ድርጅት በአንጎል ዕጢዎች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ይህ ዕጢ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ተለይቶ የሚታይ እብጠት አይፈጥርም። ከመነሻው የአንጎልንና የህብለ ሰረሰርን ሽፋን ተከትሎ ይሰራጫል፤ ፈሳሹ መፍሰሻ እያጣ ጭንቅላት ውስጥ ይቋጠራል። ልጁ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይደክማል። በኤምአርአይ ፊልሙ ላይ የአንጎል ሽፋን ወፍሮ ይታያል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው የቲቢ ማጅራት ገትርን ነው። ደግሞም ማሰቡ ትክክል ነው፤ በአገራችን ከዚህ ዕጢ ይልቅ የቲቢ ማጅራት ገትር እጅግ ይበዛል፣ ካልታከመም ቶሎ ይገድላል። ማንም ወላጅ ይህን ንግግር ሰምቶ የልጁን የቲቢ መድኃኒት እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ። ነገር ግን መድኃኒቱን በሥርዓት ለወራት የወሰደ፣ የቲቢ ጀርም በምርመራ ያልተገኘበት፣ ሕመሙም የባሰበት ልጅ ቢኖር «ሌላ ነገር ይሆን እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው በመጨረሻ ይህ ዕጢ የተገኘባቸው ልጆች ታሪክ ተደጋግሞ ተጽፏል።

ወደ መጀመሪያው ዕጢ ልመለስ፤ ተሰራጭቶም ዝም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ለወላጅ ትልቅ ዜና ስለሆነ በቸልታ ላልፈው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች በአብዛኞቹ ፒሎሲቲክ አስትሮሳይቶማዎች ውስጥ ቢራፍ የሚባል ዘረ መል ተሰብሮ ከሌላ ዘረ መል ጋር ተጣብቆ አገኙ። ይህ ዘረ መል ሕዋሱን «እደግ» የሚል ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ነው። ጤነኛው ከላይ ሲታዘዝ ብቻ ያዛል፤ የተጣበቀው ግን ማንም ሳያዘው ቀን ከሌት ያዛል። ደስ የሚለው፣ እረፍት በሌለው ትእዛዝ የተወጠረ ሕዋስ ከጊዜ በኋላ ያረጅና መባዛት ያቆማል። ዕጢው ለዓመታት አድጎ ከዚያ ቀጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል። ወደ ህብለ ሰረሰር የወረደውም እንዲሁ ሳያድግ ለዓመታት የሚቀመጥበት፣ አልፎ አልፎም ያለ መድኃኒት የሚያንስበት ጊዜ አለ። ለአንዳንድ ልጆች ጉርምስናን እስኪያልፉ በመድኃኒት ዕጢውን ማስታገስ ግማሹ ድል ነው።

ወደ ምርመራው ልግባ። የህብለ ሰረሰር ኤምአርአይ ሲነሳ ልጁ በደም ሥሩ የሚያጎላ መድኃኒት ይወስዳል። ፊልሙን በጎን በኩል ስታዩት የአከርካሪ አጥንቶቹ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ግራጫው ህብለ ሰረሰር ከማጅራት ወደ ታች ሲወርድ ይታያል። ጤነኛ ከሆነ ዳርና ዳሩ የጠራ ነው። ዕጢ የወረደበት ከሆነ ግራጫውን የሚከተል ነጭ መስመር ይኖራል፤ አንዳንድ ቦታ ቀጭን፣ አንዳንድ ቦታ ነጥብ ነጥብ እያለ ይወፍራል። ታችኛው ወገብ ላይ፣ ነርቮቹ በተበተኑበት፣ አንድ ወፍራም ነጭ ነገር ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ያለ ማጉያው መድኃኒት የተነሳ ፊልም ግን ይህን ሁሉ ሊደብቅ ይችላል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የጀርባው ፊልም ቢቻል ከአንጎል ቀዶ ሕክምናው በፊት መነሳት አለበት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚፈሰው ደም ወደ ታች ይወርድና ዕጢ መስሎ ሐኪሙን ያሳስታል፤ በዚህም የተነሳ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ይሆናል። «የታመመው ጭንቅላቱ ነው፣ ጀርባውን ለምን ታነሱብኛላችሁ፣ ገንዘቤን ልትጨርሱት ነው?» የሚል ወላጅ አጋጥሞኛል። ጥያቄው አግባብ ነው፣ ፊልሙ ውድ ነውና፤ መልሱ ግን አሁን የነገርኳችሁ ነው። «ከጀርባው ፈሳሽ ቅዱና መርምሩ» የሚልም አለ። በጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ያለበትና ግፊቱ የጨመረበት ልጅ ከወገቡ ፈሳሽ ቢቀዳ አንጎሉ ወደ ታች ተስቦ ሊሞት ይችላል፤ ሐኪሙ እምቢ ሲል ስንፍና እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ቆላው ልምጣ። አንገር ሸለቆ የወባ አገር ነው። ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ ካስታወከ ቤተሰብ ወባ ይላል፤ ጤና ጣቢያ ደም ይታያል፤ ወባ ባይገኝ ታይፎይድ ይባላል፤ ክኒን ይሰጣል፤ ልጁ ለሁለት ቀን ይሻለዋል። እንደገና ያማል፣ እንደገና ክኒን። ወባን ቀድሞ መጠርጠር ስህተት አይደለም፣ ወባ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ችግሩ ሦስተኛውና አራተኛው ጊዜ ላይ ነው። የአንጎል ዕጢ ትኩሳት የለውም። ራስ ምታቱና ማስታወኩ የሚብሰው ጠዋት ከመኝታ ሲነሳ ነው፣ ተኝቶ ሲያድር የጭንቅላቱ ግፊት ይጨምራልና። ልጁ ካስመለሰ በኋላ ቀለል ይለውና ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እናትም «ዛሬስ ደህና ነው» ትላለች።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንን ምልክት ለሕዝብና ለሐኪም የሚያስተምር ዘመቻ ጀምረው ነበር። ቀድሞ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ምርመራው ውጤት ከ14 ሳምንት በላይ ይፈጅ የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ7 ሳምንት በታች ወርዷል። በአመዛኙ የተጠቀሙት ትምህርትን ነው፤ እሱ እዚህም ይቻላል። ያስተማሩትም ሲጠቃለል ይህ ነው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ማስታወክ 2 ሳምንት ካለፈው፣ ራስ ምታት 4 ሳምንት ካለፈው አንጎል መታየት አለበት። ከዚህ ላይ አረማመዱ የተዛባ፣ ዓይኑ የተንሸዋረረ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ያበዛ፣ ወይም የሚጥል በሽታ አዲስ የጀመረው ልጅ ቢሆን ሳምንት መቁጠርም አያስፈልግም።

መምህራን፣ እናንተ ከወላጅ ቀድማችሁ ታዩታላችሁ። ጽሕፈቱ ያማረ የነበረው ልጅ ፊደሉ ሲንጋደድ፣ ከሰሌዳው ለማንበብ ዓይኑን ሲያጨናብስ፣ በእረፍት ሰዓት መሮጥ ትቶ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ልብ በሉ። መሬት ላይ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከሌላው እግሩ አውራ ጣት እያገናኘ እንዲራመድ ጠይቁት። ወይም ጣታችሁን ከፊቱ ዘርጉና አንዴ ጣታችሁን፣ አንዴ አፍንጫውን በፍጥነት እንዲነካ አድርጉ። የ6 ዓመት ልጅ በሳቅ የሚሠራው ነገር ነው። እጁ ዒላማውን እየሳተ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወላጁን አስጠሩ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ ደግሞ የሕፃኑን ጭንቅላት ዙሪያ በሜትር መለካት አትርሱ፤ ከወር ወር ከልክ በላይ የሚሰፋ ጭንቅላት ውሃ የቋጠረ ሊሆን ይችላል።

ወደ ህብለ ሰረሰር መውረዱን የሚናገሩ ምልክቶች ሌሎች ናቸው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ ወደ እግር የሚወርድ ቁርጥማት፣ እግር መዛል፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር እምቢ ማለት፣ አከርካሪ መጣመም፣ ሽንት መቆጣጠር የቻለ ልጅ እንደገና መሽናት። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም እንዲህ ያደርጋል፤ የቱ እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ነው። የሸናን ልጅ ግን አትግረፉ። ቀድሞ የአንጎል ዕጢ ወጥቶለት የነበረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ውሰዱት፤ በህብለ ሰረሰር ላይ የሚደርስ ጫና ሲቆይ እግርን እስከ መጨረሻው ሊያሰንፍ ይችላል።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከጉቲን ነቀምት፣ ከነቀምት ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ። መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ምን እንዳሳለፋችሁ እኔ ልነግራችሁ አልነሳም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የዘርፉ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ከዚያ ሥልጠና የወጡት በክልሎችም ይሠራሉ። የልጆች ካንሰርና ዕጢ ሕክምና ዋናው ማዕከል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታቀፋችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር ወረቀታችሁን በየደረጃው አስጽፉ። ወረቀቱ ከሌለ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይዞራል።

ሕክምናው ምንድን ነው? ዕጢው በአንጎል ብቻ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይበቃዋል። ወደ ታች ከወረደ ሁሉንም ቆርጦ ማውጣት አይቻልም፤ የሚቆረጠው ህብለ ሰረሰርን የሚጫነው ወይም የፈሳሹን መንገድ የሚዘጋው ነው። ውሃ ከቋጠረ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ከዚያ ኬሞቴራፒ ይከተላል። ካርቦፕላቲንና ቪንክሪስቲን የሚባሉት ሁለቱ መድኃኒቶች ለዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል፤ ሕክምናው ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የጨረር ሕክምና በትንንሽ ልጆች ላይ ወደ ኋላ የሚባለው፣ በማደግ ላይ ያለን አንጎልና አከርካሪ ስለሚጎዳ፣ ትምህርት የመቀበል ችሎታንም ስለሚቀንስ ነው። ጥቁር አንበሳ ከ20 ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ጅማም ይሰጣል። ቢሆንም ለትንሽ ልጅ «ጨረር ለምን አልታዘዘለትም?» ብላችሁ አትዘኑ። የቢራፍን ትእዛዝ የሚያፍኑ አዳዲስ እንክብሎችም ወጥተዋል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ለልጆች ተፈቅደዋል። ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ በእኛ አገር ያለውን ነባር ሕክምና ሳያቋርጡ መጨረስ ለብዙ ልጆች ከአዲሱ መድኃኒት ምኞት በላይ ይጠቅማል።

ማቋረጥ ደግሞ የሚመጣው ከድህነት ነው እንጂ ከቸልታ አይደለም። በሬ ተሽጦ፣ ማሳ ታርሶ ሳያልቅ፣ ሌሎች ልጆች ቤት ቀርተው በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ ቀላል አይደለም። ማረፊያ ላጡ ወላጆች ተስፋ አዲስ የተባለው የካንሰር ሕሙማን ሕፃናት ወላጆች ድርጅት፣ በ1996 ዓ.ም. ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም አሉ፤ አዲስ አበባ ስትደርሱ በሆስፒታሉ በኩል ጠይቁ። ጸበሉም፣ ጸሎቱም፣ ዱዓውም ይቀጥል። የማልስማማው «መድኃኒቱ ይቁም» ከሚለው ጋር ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የልጆች ካንሰር ዘመቻውን ሲጀምር በየአገሩ ቀድሞ ትኩረት እንዲሰጣቸው ከመረጣቸው 6 በሽታዎች አንዱ ይኸው ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማ ነው። የመረጡት ሊድን ስለሚችል ነው።

በመጨረሻ አንድ ተግባራዊ ነገር አደራ ልበላችሁና ላብቃ። ልጁ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የናሙናውን የውጤት ወረቀት፣ የፊልሙን ሲዲና ሪፈሩን በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ዝናብና አይጥ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። በየቀጠሮው ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ዕጢው ማደጉን ወይም ባለበት መቆሙን የሚያውቀው አዲሱን ፊልም ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ነው፤ አሮጌው ከጠፋ ሌላ ወራት መጠበቅ ይመጣል። ልጁ ደህና ሆኖ፣ ኳስ እየተጫወተ ቢሆን እንኳ የኤምአርአይ ቀጠሮውን አታሳልፉ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ልጃቸው የሚያሳስባቸው ደግሞ ከጉባኤው በኋላ ይቆዩኝ።